በእርሳስ እንምረጥ ያሉት እርስዎ ነዎት

ውድ እትዬ ወሰንየለሽ፣

ስልክዎን ዘግተው፣ ከየግሩፑ ወጥተው ብሪዝበን ልጅዎ ቤት ከገቡ ወዲህ እርስዎን ማግኘት ቤተ መንግሥት ከመግባት ብሷል። አድራሻውን ያገኘሁት ልጅዎን መድሃኒትን ለምኜ ነው። «እማዬ ማንንም ማነጋገር አትፈልግም፣ ዕረፍት ላይ ናት» አለችኝ። «ላነጋግራቸው አይደለም፣ ልጽፍላቸው ነው» ስላት ሳቀችብኝ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መኖሩን እንጃ ብላ፣ ቢሆንም ሰጠችኝ። እሷን አይቆጧት። ቁጣ ካለዎት ለእኔ ያቆዩት፤ እኔም ለእርስዎ የሚሆን በቂ ይዣለሁ።

አዎ፣ ተቆጥቼብዎታለሁ። በአንቱታ መቆጣት እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ አሁን ገና ገባኝ። ለዚህም ጥፋተኛዋ እርስዎ ነዎት። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ፣ አማርኛውን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜልበርን፣ ሴንት አልባንስ ባለው ሳሎንዎ ውስጥ ፊደል አስቆጥረው ያስያዙኝ እርስዎ ነዎት። «አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው አንተ አይባልም» እያሉ ስንት ጊዜ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ! እንግዲህ ያስተማሩኝን አማርኛ ይዤ መጣሁብዎ። ዛሬ የምነግርዎትን ግማሹን ያውቁታል። እርስዎ ከሄዱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን ግን ከሌላ ሰው ከመስማትዎ በፊት ከእኔ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ በአውስትራሊያ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጥኩበትን ቅዳሜ ያስታውሳሉ? እናቴ ሥራ ስለነበረች ካርልተን ድረስ መጥተው ይዘውኝ የሄዱት እርስዎ ነበሩ። መምረጫ በሆነው ትምህርት ቤት በር ላይ እንደ አገሩ ልማድ ሶሴጅ ይጠበሳል፤ ጾሙ ገብቶ ነበርና አፍንጫዎን በነጠላዎ ይዘው እንደ ሌባ በጎን አለፉ። ውስጥ ስንገባ ግን ቀና አሉ። በካርቶን የተከለለችውን መምረጫ ጠረጴዛና በክር የታሰረችውን እርሳስ እያሳዩኝ «ይቺን ካርቶን አየሻት ኢቢሴ? እዚህ ውስጥ ይሉኝታ አይገባም። እግዜርና አንቺ ብቻ ናችሁ» አሉኝ። የራስዎን ወረቀት ይዘው ሳጥኑ ውስጥ ሊያስገቡ ሲሉ ዕንባ ዐይንዎ ላይ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በአንድ ቁራጭ ካርቶን ሰው ለምን እንደሚያለቅስ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ የእኛን የኢትዮጵያውያን ማኅበር ስብሰባ ሳይ ነው። የማኅበራችን ፕሬዚዳንት የሚመረጠው እጅ በማውጣት ነው፤ ሰዉ የቸኮለ ቀን ደግሞ በጭብጨባ ነው። አቶ ኃይለማርያም ስንት ዘመን እንደተጨበጨበላቸው ቆጥሮ የያዘ ሰው ያለ አይመስለኝም። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ሲሞት ቀድመው ይደርሳሉ፤ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ሲኖር ኤርፖርት ሄደው ይቀበላሉ። እኛንም ተቀብለውናል። ችግሩ እሱ ነው። የተቀበለህን፣ የቀበረልህን፣ ልጅህን ክርስትና ያነሣልህን ሰው ፊት ለፊት እያየህ በሌላ ሰው ስም እጅ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ማንም አያወጣም። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ደግሞ ሁሉም ያማል።

እርስዎ ከአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃዎ ወጥተው መኪና ውስጥ «እኔ እወዳደራለሁ» ሲሉኝ እኔ ስልኬን አወጣሁ። ፉትስክሬይ ገበያው ፊት ለፊት ያነሣሁዎትን የመጀመሪያውን ቪዲዮ አሁንም አየዋለሁ። ነፋሱ ነጠላዎን እየወሰደ፣ እርስዎ ነጠላውን እየያዙ፣ በሌላው እጅዎ አንድ እርሳስ ከፍ አድርገው «ስሜ ወሰንየለሽ ነው። እኔን ምረጡኝ ብዬ አልለምናችሁም። ማንም ሳያያችሁ ምረጡ ነው የምላችሁ። በእርሳስ እንምረጥ!» አሉ። ከአንድ ጊዜ በላይ አልተቀረጸም። የተሳሳተ ቃል አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኔ የተለየ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሌክቸር ውስጥ ቁጭ ብዬ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ ትራም ላይ ኮመንት እመልሳለሁ። ላይቭ ስንገባ ቀይ ልብ እንደ ጉድ ይጎርፋል። «የእኛ እናት!» «እስከ መጨረሻው!» ይላሉ። «ቆራጡ» የሚል ስም ያወጣው ሰው በየቪዲዮው ሥር «ደሜን እሰጣለሁ» ብሎ ይጽፋል። ቆራጡ ሔኖክ መሆኑን፣ ያ ስልክ የሚጠግነው የራሳችን ልጅ መሆኑን ሲነግረን አብረን ስቀናል። እኔ ልቡን ሁሉ ድምፅ አድርጌ ቆጠርኩት። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ገደሉ ደግሞ ብዙ አልቆየም። «እውነቱ ይውጣ» የሚባለው ገጽ ተከፈተ። መልኩን የማያሳይ ሰው ጥቁር ስክሪን ኋላ ተቀምጦ በየምሽቱ ላይቭ ይገባል። ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ የሠርግዎን ፎቶ አወጣው። እርስዎና ጋሼ ተወልደብርሃን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አበባ ይዛችሁ የቆማችሁበትን። «ባሏ ማን ነበር? ይቺ ሴት የማን ናት?» አለ። ከዚያ በታች ሰዎች የጻፉትን እዚህ አልደግመውም። አንብበውታል። ከእኔ ጋር ሆነው ነው ያነበቡት፤ መነጽርዎን አውልቀው ጠራርገው፣ እንደገና አድርገው ደግመው አነበቡት።

እኔ ስድብ በስድብ ልመልስ ተዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ «ካሜራውን አብሪው» አሉኝ። ላይቭ ገቡና ባለፈው ሣምንት ስለገዛው ሽንኩርት እንደሚናገር ሰው በተረጋጋ ድምፅ «ተወልደብርሃን ባሌ ነበር። የማን እንደሆነ ስንጋባ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሲሞትም የማን ብዬ አልቀበርኩትም። ደኅና እደሩ» ብለው ዘጉት። ያን ቀን የመጣው ልብ ስልኬን አሞቀው። አሸነፍን ብዬ ጮህኩ። እርስዎ ግን ሻይዎን ይዘው ወደ ኩሽና ሄዱ። አቶ ኃይለማርያም ገጹ የእሳቸው እንዳልሆነ ምለው ተናገሩ፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ይቁም ብለው ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልሂድ። ስለሱ ከእርስዎ ጋር አንድም ቀን ሳንነጋገር ነው የሄዱብኝ።

ከሥራ መግባትዎ ነበር፤ ዩኒፎርምዎን እንኳ አልቀየሩም። እኔ ትራይፖዱን እየዘረጋሁ ነበር። ደወሉ ተደወለ። ጋሼ ወልደአማኑኤል በከዘራቸው፣ ጋሼ ዕቁባይ ደግሞ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ጋሼ ዕቁባይ የጋሼ ተወልደብርሃን ሚዜ እንደነበሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሳሎኑ መሃል ደርሰው ቆሙ።

«ይቀመጡ እንጂ» አሏቸው እርስዎ።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል።

ይኸውልዎ፣ እኔ እዚህ ነው ያደግሁት። ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ጥያቄው ካልተመለሰለት እንደማይቀመጥ ማን ነገረኝ? ጋሼ ወልደአማኑኤል ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ማድረጋቸውን ስለማውቅ ሶፋው ዝቅ ብሎባቸው መስሎኝ ሮጬ ከኩሽና ከፍ ያለ ወንበር አመጣሁላቸው። ማንም ወንበሩን አላየውም። እኔና ወንበሩ እዚያው ቆመን ቀረን።

«ወሰንየለሽ ልጄ» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል፣ «በስልኩ የሚባለውን ሰማን። ልጆቻችን እርስ በርስ ሊበላሉ ነው። ያረፈ ሰው ስም ጭቃ ውስጥ ገባ። አንቺ ብትተዪው ይበርዳል።»

«እሳቱን እኔ ነኝ የለኮስኩት ጋሼ?»

«አይደለሽም። ውሃው ያለው ግን አንቺ እጅ ነው።»

ሰዓቱ ሄደ። የጋሼ ወልደአማኑኤል እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዘራው ምንጣፉ ላይ ይንሸራተታል። ጋሼ ዕቁባይ ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶ ሲያዩ ቆይተው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ። «ለተወልደብርሃን ስትይ» አሉ።

ያኔ እርስዎ «እሺ። ይቀመጡ» አሉ።

ተቀመጡ። መረቁዎት። ሻይ ጠጡ፤ ዳቦም ቆረሱ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ። እኔ ኩሽና ተከትዬዎት ገብቼ በእንግሊዝኛ ስጮህ «በእንግሊዝኛ አትቆጪብኝ፤ ካሜራሽን እጠፊ» አሉኝ። አጠፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ብሪዝበን በረሩ። ስምዎ ከዕጩነት መሰረዙን የሰማሁት ከምርጫ ኮሚቴው ዋትሳፕ ነው።

ባህሉን አልንቅም እትዬ። ሽማግሌ ቆሞ ደም ሲያደርቅ፣ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ፣ ሴት ልጅ ሲለምን ሰምቻለሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ይህ ዕርቅ አልነበረም። ዕርቅ ሁለት ወገን ይፈልጋል። የሰደበዎት ሰው ቤት ማን ሄዶ ቆመ? ማንም አልሄደም፤ ስሙን የሚያውቅ የለማ። አድራሻ ያለዎት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ቤት መጡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። የአንድ ሽማግሌ ጉልበት ላይ ጨክነው መቆም እንደማይችሉም አውቀው ነው የመጡት። እርስዎም «አይ» ማለት አቅቶዎት አይደለም፤ ሰው እንዲያምበት ስላልፈለጉ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም አልተውኩልዎትም።

በረደ ወይ ደግሞ? በማግስቱ ያ ገጽ «አሸነፍን» ብሎ ባንዲራ ሰቀለ። ቅዳሜ፣ እርስዎ አውሮፕላን ላይ እያሉ፣ የእኔን ፎቶ አወጣ። «ይቺስ የማን ናት? ኦሮሞዋ ልጅ በዚህ ምን አገባት?» አለ። በዚያው ሰዓት ሌሎች፣ የእኔ ነን የሚሉት፣ «ለእነሱ ማን ተላላኪ አደረገሽ?» ብለው በግል ጻፉልኝ። ከሁለቱም በኩል ተመታሁልዎ።

እናቴ አየችው። የምትሠራበት ቦታ አንዲት ሴት አሳየቻት። ማታ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ተይው ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ። እኛ ስደት የመጣነው እንዲህ ያለውን ሽሽት ነው» አለችኝ። «ማም፣ አይም ኖት ስካርድ» አልኳት። «አንቺ አትፈሪ ይሆናል፤ እኔ እፈራለሁ» አለችኝና ፊቷን አዞረች። ግን እሑድ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡት ከነነጠላቸው ፊት ፊቱን ይዘዋል። ማኅበሩ ስብሰባውን በራሱ ገጽ ላይቭ ያስተላልፍ ስለነበር ከመድረኩ ኋላ በትልቁ ግድግዳው ላይ ይታያል፤ የምንናገረውም፣ ሰዉ የሚጽፈውም። ታክስ የሚሠራልን የማነ የምርጫ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ ማይኩን ይዞ «ዕጩአችን አንድ ብቻ ስለሆኑ…» ብሎ ሳይጨርስ ከፊት አንድ ሰው «በጭብጨባ ይጽደቅ!» አለ። እጆች ተነሡ። ሊያጨበጭቡ ሲሉ እኔ ተነሣሁ።

«ይቅርታ! እኔ አባል ነኝ። በጭብጨባ አይሆንም፤ በወረቀት ይሁን።»

የማነ በትህትና «ዕጩው እኮ አንድ ናቸው፣ እህቴ» አለኝ።

«አንድም ቢሆኑ አልፈልግም ማለት የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል። ማንም ሳያየው ይበል።»

«ተቀመጪ!» አለኝ አንዱ ከግራ። «ተቀመጪ እንጂ!» አሉኝ ከኋላ። «ልጄ፣ ወንድማማች መሃል ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» አለ ሌላው። ልቀመጥ ነበር፤ እውነቴን ነው የምነግርዎት። ከዚያ የእርስዎ ሳሎን ትዝ አለኝ።

«እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም» አልኩ።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ጋሼ ወልደአማኑኤል ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ከኋላ አንድ ሰው፣ ድምፁን ከዚያ ጥቁር ስክሪን የማውቀው የመሰለኝ፣ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጮኸ።

«የበዳሳ ልጅ ነኝ!» አልኩት። «ፊደል ያስቆጠሩኝ ደግሞ እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው። ሌላ የምትጠይቀው ካለህ ተነሥተህ ጠይቀኝ፤ ፊትህን ልየው።»

አልተነሣም። ግድግዳው ላይ ግን ልቡ መጉረፍ ጀመረ። ቀይ በቀይ ሆነ። «ጀግና!!» «እስከ መጨረሻው!!» ይላል፤ የጻፈው ቆራጡ። ሔኖክን ፈለግሁት። ከፊቴ ሁለት ረድፍ አለፍ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አውራ ጣቱ ብቻ እየሮጠ ተቀምጧል። የሰዉ ሁሉ ዐይን ግድግዳው ላይ ነበርና እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሔኖክ» አልኩት፣ «ልብህን አየሁት። እስቲ አሁን እግርህን አሳየኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ሔኖክ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው መስሎ ወጣ። አልፈረድኩበትም ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ፈርጄበታለሁ። ብቻዬን ቆሜ ነበር እትዬ። ያን ሁሉ ሣምንት በሺህ ሰው መሃል ያለሁ ይመስለኝ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ስዞር አንድም ሰው አልነበረኝም። ያኔ በጣም ተቀየምኩዎት።

ከዚያ እትዬ ፍቅርተማርያም ተነሡ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። «ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የምትውል ልጅ ምን ትረባለች» እያሉ የሚያሙኝ። ቦርሳቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ወንበሩን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ አልፈው አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«እኔ ወሰንየለሽን አልመርጥም» አሉ፣ ማይክ ሳይዙ አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ። «ኃይለማርያም ባሌን ቀብሮልኛል። የምመርጠው እሱን ነው። ግን በፈቃዴ መምረጤን እግዜር ይወቅልኝ፤ እናንተ እያያችሁኝ ፈርቼ አይሁን። ወረቀት ስጡኝ።»

ይህን ስሰማ ማልቀስ አማረኝ። በየቪዲዮው ስንቀባጥር የከረምነውን እሳቸው እዚያው ቆመው ጨረሱት። ሁለት ሴቶች ከኋላ ተነሡ። አንድ ታክሲ የሚነዳ ሰው ተነሣ። ከዚያ ከፊተኛው ረድፍ ጋሼ ዕቁባይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ። ምንም አልተናገሩም፤ ወደ እኔም አልዞሩም። ወደ መድረኩ እያዩ ቆሙ። ሌላ ሰው አልተነሣም። የአዳራሹ አብዛኛው ሰው ጉልበቱን እያየ ተቀምጦ ነበር።

«ይቺ ልጅ ከእኛው ነው የሰረቀችው» አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል፣ ከንፈራቸው ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ነበር። «የማነ፣ ደንቡ ምን ይላል?»

የማነ መተዳደሪያ ደንቡን አገላብጦ አነበበ። አንድ አባል ጠይቆ ሌሎች አባላት ከደገፉት ድምፁ በሚስጥር መሰጠት አለበት ይላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ ይላል! ይኼን ሁሉ ዘመን ጠይቆ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። ወረቀትና ሳጥን ስላልተዘጋጀ ምርጫው ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፤ የዕጩ ምዝገባም እስከሚመጣው ሣምንት ዓርብ ክፍት ሆነ። አቶ ኃይለማርያም ፊታቸው ቀልቶ ተነሡና «በወረቀትም ቢሆን አሸንፋለሁ» አሉ። «ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ መመለሴን እናቴ በላይቩ አይታ ራሷን ይዛለች፤ ማታ ግን ሳልጠይቃት እራት አቅርባ ጠበቀችኝ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ጋሼ ወልደአማኑኤልን አግኝቼ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ክንዳቸውን ያዝኩ። ለእርስዎ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ልጽፍ እንደሆነ እንኳ አልነገርኳቸውም ነበር። «እሺ ያለችን ለእኔ እግር አዝና ነው፣ አውቃለሁ» አሉ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ መልሰው ከፈቱትና «ጉልበቴ ተሽሎታል በያት» አሉኝ። እርስዎ ከእኔ ይልቅ የሽማግሌ ቋንቋ ያውቃሉ። ይህ ከቃልሽ ፈትቼሻለሁ ማለት ካልሆነ ምን ማለት ነው?

ስለዚህ ለሽማግሌ የሰጠሁት ቃል አለ የሚለው ምክንያትዎ አልቋል። ለሰላም ብዬ ነው የሚለውም አልቋል፤ ሰላሙ የታለ? ያ ገጽ ዛሬም እየጮኸ ነው። አሁን በእሱ አባባል መፈንቅለ ዙፋን አድራጊዋ እኔ ነኝ። አልመልስለትም፤ ገጻችንንም አልዘጋም። እዚያ ላይ የምለጥፈው የምርጫውን ቀንና ቦታ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ከእትዬ ፍቅርተማርያም ጋር በር እያንኳኳሁ ነው። ካርልተን ፎቆቹ ላይ ሊፍቱ ሲበላሽ ደረጃውን እየወጣን፣ ሴንት አልባንስ ደግሞ በእሳቸው መኪና። እሳቸው ለአቶ ኃይለማርያም ይቀሰቅሳሉ፤ እኔ ለእርስዎ። አንድ በር ላይ ሁለታችንም ቆመን ስንከራከር የቤቱ ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። ሁለታችንም ግን ስንወጣ «ብቻ መጥታችሁ ምረጡ» እንላለን። በር ላይ የምናገኘው መልስ «እስቲ እናያለን» ነው። ልብ የሚልክልን የለም።

ያሉኝን ሁሉ እያመንኩ ነው ያደግሁት፤ ይሉኝታን ግን ለራስዎ አስቀርተው ለእኔ ካርቶኗን ብቻ እንዳሳዩኝ አሁን ይገባኛል። ስለ ጋሼ ተወልደብርሃን ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ። ስማቸው ጭቃ ውስጥ የገባው እርስዎ ስለተወዳደሩ አይደለም። ጭቃውን የያዘ ሰው ስለነበረ ነው። እርስዎ ዝም ሲሉ ያ ሰው እጁን አልታጠበም፤ ሌላ ሰው ላይ ወረወረው እንጂ። የእኔን ፊት አገኘው። ነገ ደግሞ የሌላ ልጅ ፊት ያገኛል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የዕጩ መመዝገቢያ ቅጽ ልኬያለሁ። አቅራቢ በሚለው ላይ እኔ ፈርሜያለሁ። ደጋፊ በሚለው ላይ ጋሼ ዕቁባይ ፈርመዋል፤ ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቷል፤ የማነ ችግር የለውም ብሏል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ፈርመው ከዓርብ በፊት በፖስታ ይላኩት፤ ፎቶ አንሥተው ለመድሃኒት ቢሰጧትም ትልክልኛለች።

ካልፈረሙ ሌላ ቅጽ ሞልቼ ይዣለሁ። ዕጩ በሚለው ላይ የተጻፈው ኢቢሴ በዳሳ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ልመረቅ አንድ ዓመት ይቀረኛል፤ አማርኛዬ ስናደድ ይሰበራል። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የማን ናት ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ምናልባት በትልቁ እሸነፋለሁ። አቶ ኃይለማርያምን ከልቡ የሚፈልጋቸው ሰው ብዙ ከሆነ በሚስጥር ቆጥረን እንወቀው፤ እጃቸውን ጨብጬ እንኳን ደስ አለዎት እላቸዋለሁ። ያለ ተወዳዳሪ ግን አያልፉም። ይህን ለማንም ሽማግሌ እሺ አልልም። እኔ ቤት መጥተው እስኪነጋ ቢቆሙ ወንበር አቀርብላቸዋለሁ፤ ሌላ የምሰጣቸው የለኝም።

ያም ሆነ ይህ የምርጫው ቀን ሜልበርን ውስጥ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ከኤርፖርት እኔ እቀበልዎታለሁ። ወይ ዕጩ ሆነው ይምጡ፣ ወይ የእኔ መራጭ ሆነው ይምጡ። አልመጣም የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

የተቆጣችብዎና የምትወድዎ ልጅዎ፣
ኢቢሴ በዳሳ
ካርልተን፣ ሜልበርን